ግማሽ ፊት ይዞ ሽምግልና

ረቡዕ

ውኃው በግራ በኩል ወጥቶ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ተጉመጠመጥኩ፤ እንደገና ፈሰሰ። «የሺ፣ ኩባያው ተሸንቁሯል» ብዬ ባለቤቴን ተጣራሁ። መጥታ አየችኝና ጮኸች። ለካ የተሸነቆርኩት እኔ ነኝ።

መስታወት አመጣችልኝ። ቀኝ ፊቴ እንደ ድሮው ያማረ ነው። ግራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በራሴ ሳቅሁ፤ ቀኙ ብቻ ሳቀ።

ይህ እኮ ተራ ፊት አይደለም። ብቸና ውስጥ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ያሳቀ ፊት ነው! የስፌት መኪናዬ ካለችበት በረንዳ ሰው የሚሰበሰበው ለሱሪ ቁመት ብቻ ነው እንዴ?

ጎረቤቱ ሁሉ አዋቂ ሆነ፦

ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽ።

የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ይሂድ።

ነፋስ መትቶት ነው፣ ይሸፋፈን።

አማቴ ደግሞ፦ «ቀልድ ሲበዛ ነው እንዲህ የሚያደርግ።»

በዳማከሴ ታሸሁ። መዓዛዬ አማረ እንጂ ፊቴ አልተመለሰም።

የከፋው ግን እሁድ ነው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግሁት የወንድሜ ልጅ ይበልጣል ሞጣ ያስተምራል። እዚያ ሰናይት የምትባል ልጅ ወዷል። እሁድ ሽማግሌ ሆነን ልጅቱን ልንጠይቅ እንሄዳለን፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ደግሞ ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ሽማግሌዎችን «ዋዛ አበዛችሁ» ብለው ከደጅ የመለሱ ናቸው። እንኳን በግማሽ ፊት፣ በሙሉውም ፈርቻቸው ነበር።

ሐሙስ

የሺ አልተኛችም። አጎቷ በስትሮክ ሲወድቁ መጀመሪያ የተጣመመው አፋቸው ነበር። በጠዋት እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። «ጋሼ፣ ሁለት እጅዎን ይዘርጉ።» ዘረጋሁ። «ጣቴን ይጨብጡ።» «ኧረ ይልቀቁኝ» እስክትል ጨበጥኋት። «ቅንድብዎን ከፍ ያድርጉ።» ቀኙ ታዘዘ፣ ግራው አልሰማም። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየኋት። «ጉንጭዎን ይንፉ።» ነፋሁ፤ ትንፋሼ በግራ በኩል ሾልኮ ሄደ።

ስትሮክ አይደለም አለች። እጅና እግሬ ደህና ነው። በስትሮክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግንባር ይተርፋል፤ የእኔ ከግንባር እስከ አገጭ ነው የተኛው። «ግንባርዎም አብሮ መተኛቱ ደግ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። የሺ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ እልል አለች።

እንደገባኝ ልጻፈው። የማታ ትምህርት ተምሬ ይህን ካልጻፍሁ ምን ልጽፍ ነው? ከአንጎል የሚወጣ ነርቭ አለ። ሳቅ፣ ጨፍን፣ ተኮሳተር የሚለውን ትእዛዝ ወደ ፊት ያደርሳል። ከጆሮ ጀርባ ባለ ጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ሲያብጥ ቀዳዳው ያንቀዋል፤ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክር አብጦ በመርፌ ዓይን አላልፍ ሲል ምን እንደሚሆን ማን ለእኔ ያስረዳል? ይህን ብላት ሐኪሟ ምሳሌዬን ወደደችው፤ ለሌላ በሽተኛም እነግረዋለሁ አለች። እንግዲህ አስተማሪው ማን ነው?

«ታዲያ ደስታዬ የት ሄደ?» አልኳት።

«ደስታዎማ አንጎልዎ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። የታመመው መልእክተኛው ነው።»

ይህችን አስደግሜያታለሁ።

ክኒን፣ የዓይን ጠብታና ስተኛ ግራ ዓይኔን የምዘጋበት ፕላስተር ሰጠችኝ። ብዙው ሰው በሳምንታት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ወራት ይቆያል አለች። «ለእሁድስ?» ብላት ሳቀች። በሁለት ጉንጯ። ቀናሁባት።

የክኒኑ ወረቀት ላይ «ጠዋት ከምግብ በኋላ» ይላል። የሺ ልታነብልኝ እጇን ዘርግታ ነበር። አልሰጠኋትም።

ዓርብ

ሽሮው በቀኝ በኩል ጨው አለው፣ በግራ በኩል የለውም። «የትኛውን ልመን?» ብላት የሺ ማማሰያ አነሳችብኝ። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ያው ነርቭ የምላስንም ጣዕም ያመላልሳል።

የእሁዱን ንግግር ተለማመድሁ። «በ»፣ «መ» እና «ፐ» አስቸገሩኝ። ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም። ስንት ማታ የለፋሁባቸው ፊደላት እንዲህ ይክዱኝ? ግራ ጉንጬን በጣቴ ደገፍ ሳደርግ ይወጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ለአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካሁ ሳለ በድንገት ሜትሩን ከእጄ ቀማችኝ። «ጋሼ ፈንታሁን! ምነው በዚህ ዕድሜዎ!» ጨርቋን ጠቅልላ ወጣች። ምን እንዳጠፋሁ ቆይቶ ነው የገባኝ። የሰው ዓይን ሳያስበው ይርገበገባል፤ የእኔ ቀኙ ብቻ ነው የሚርገበገበው። ለካ ስጠቅሳት ነው የቆየሁት።

ይህን ዓይን ይዤ መሪጌታ ቤት?

ይበልጣል ጋ ደወልሁ። «ሌላ ሰው ይናገርልህ» አልሁት። እሱም «አባቴ ቢኖር ፊቱ ተጣመመ ብሎ ይቀር ነበር?» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግራ ዓይኔ አነባች። ጠብታው ነው።

ቅዳሜ

ከቄስ አስማረና ከጎረቤቴ ከአያሌው ጋር በጉንደ ወይን በኩል ሞጣ ገባን። መኪናው በዘለለ ቁጥር ግራ ጉንጬ ዘግይቶ ይከተላል። አያሌው መንገዱን ሙሉ እሱን ሲያይ መጣ።

ጥቁር መነጽር ልግዛ ብዬ እዚያው ሞጣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። «ለምንህ ነው?» አሉኝ። ለልጅ ጥየቃ አልኋቸው። «በጥቁር መነጽር? ልጅቱን ልትጠይቅ ነው ልትሰርቅ?» አልሸጥልህም ብለው መለሱኝ። ነጋዴ እቃውን ሲከለክለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፉ ከተጣመመ ከፊቴ ጋር ይመሳሰል።

ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። መሪጌታ «ተቀመጡ» አሉን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውኃም አንቀምስም» ብለን በወጉ ቆምን። ጉንጬን ደግፌ ጀመርሁ። ጥሩ ሄደ! የልጁን ትጋት፣ የአባቱን ደግነት፣ ሁሉንም አልሁ። የሰናይት እናት ወይዘሮ እናኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አክብሮቴን ላሳይ ወደ እሳቸው አያለሁ። ባየሁ ቁጥር...

«ኧረ የኔታ!» ብለው ተነሱ። «ይኼ ሰውዬ ይጠቅሰኛል!»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ቄስ አስማረ «በስመ አብ» አሉ። አያሌው በሩን አየ። የይበልጣል ነገር አበቃ አልሁ በልቤ።

«የኔታ፣ አልጠቀስሁም!» አልሁ። «ጨፍን ሲባል የሚጨፍነው ይኼ ብቻ ነው! መልእክተኛው ታሞብኝ ነው!» ነርቩን፣ የአጥንቱን ቀዳዳ፣ ክሩንና መርፌውን ሁሉንም ዘረገፍሁት።

መሪጌታ ቀረብ አሉ። «እስቲ ቅንድብህን አንሣ።» አነሣሁ። «ጉንጭህን ንፋ።» ነፋሁ፤ ትንፋሼ ጺማቸው ላይ አረፈ። «አሁን እሷን ሳይሆን እኔን እይ።» አየኋቸው። እሳቸውንም ጠቀስኋቸው።

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ እናኑ ናቸው። መቆም አቃታቸው፤ ግድግዳ ያዙ። ቀጥሎ ቄስ አስማረ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ መሪጌታ። ተማሪዎቻቸው የኔታ ሲስቁ ሰምተው በሩ ላይ ተደራረቡ። ቤቱ ሁሉ ሲስቅ ቀጥ ብዬ የቆምሁ እኔ ብቻ ነኝ። በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

መሪጌታ ግን ተማሪዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ። ጺማቸውን ጠረጉ። «ልጅቱንና ዘመድ እንጠይቃለን። ረቡዕ ቃላችንን እንልካለን።» ሸኙን።

ወጉ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ማንም እሺ አይልም። ግን ያ ሳቅ ደግ ነው ክፉ? ዋዛ የሚጠሉ ሰው ቤት!

ሰኞ

ብቸና ተመለስን። ይበልጣል ደውሎ «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ከመቀመጫቸው አስነሳኋቸው» አልሁት። ውሸት አይደለም።

ማክሰኞ

ምንም የለም። ለአንድ ሰው ሁለት ግራ እጅጌ ሰፋሁ። የሺ «ዝም ስትል አላውቅህም፣ ይኼም በሽታው ነው?» አለች። አይደለም፤ ይኼ ፍርሃት ነው። እጅ ሲያልብ፣ ይህም ከአንጎል የሚወርድ ትእዛዝ ነው ብላኛለች ሐኪሟ። ይኼኛው መልእክተኛ ግን አይታመም! ሲሮጥ ነው የዋለ።

ረቡዕ

በጠዋት ስልክ ጮኸ። መሪጌታ ራሳቸው ናቸው! ቆሜ አነሣሁት።

«ልጅቱን ጠየቅናት፣ ወዳዋለች» አሉ። «ዘመድም እሺ ብሏል። እኔ በበኩሌ ልመልሳችሁ ነበር ያሰብሁ። ቀልደኛ መሆንህን ሰምቻለሁ። ግን ሽማግሌ ሁሉ አምሮና ተኩሎ ነው የሚመጣ። አንተ እንዲያ ሆነህ መንገድ የተነሣኸው ልጁን ብትወደው ነው። እኔም ለልጄ እንዲያ የሚወድ ቤት ነው የምፈልግ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ልል ፈልጌ ምን እንዳልሁ አላውቅም።

«እናቷ ደግሞ» አሉ፣ «ቢሻልህም ባይሻልህም ለሠርጉ እንዳትቀር ብላለች።»

የሺ እልልታዋን እስከ መንገድ ለቀቀችው። ይበልጣል ጋ ደወልሁ፤ ስልኩ ውስጥ ሲያለቅስና ሲስቅ አልለይ አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግራ የከንፈሬ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ውርር አለኝ፤ እንደ ጉንዳን። ሮጬ መስታወት አየሁ። «ተንቀሳቀሰ!» አልሁ።

የሺ አገጬን ይዛ በመስኮቱ ብርሃን አዙራ አዙራ አየችኝ። «አልተንቀሳቀሰም» አለች።

«ተንቀሳቅሷል።»

«እስቲ ድገመው።»

እየደጋገምሁ ስስቅላት ረፈደ። እሷም አብራኝ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ ስለሞላ የእኔን ከንፈር ማየት አልቻለችም። እንግዲህ ምስክር የለኝም። እኔ ግን አውቃለሁ።