የጥያቄ ምልክት የተጠራበት ሠርግ

መርካቶ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

እናቴ፣ የኔ ዓለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ብርዱ ተወሽ ወይስ ባሰብሽ? እንሰቱስ፣ ላሚቱስ? እኔ ከመወፈሬ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አባዬ፣ አንተም ሰላም ብያለሁ፤ እንደ ልማድህ እየዘለልክ እንዳታነብላት፣ አደራ!

ይኸውልሽ፣ እዚህ ጉድ አፍልቼልሽ ነበር። የጨርቅ መደብራችን ባለቤት ጋሼ ባህረዲን ልጃቸውን ሀፍሷን ሊድሩ ነው። የደንበኞቹ ስም በሙሉ ኮምፒዩተር ውስጥ በአማርኛ ስላለ፣ የጥሪ ካርዱን ከዚያው እንዳትም አዘዙኝ። በዚያው ሰሞን አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው ስለነበር ስሞቹን ከአሮጌው ገልብጬ ወደ አዲሱ አዛወርኩ፤ ባክአፕ ይሉታል። ስገለብጥ የፊደሉን ዓይነት መምረጥ ነበረብኝ። ችኩል ልጅሽ ግን ዝም ብዬ እሺ፣ እሺ እያልኩ አለፍኩት። ለካ የመጣልኝ ዓይነት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው! አማርኛው ሲቸግረው በየፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተከለበት። የሱቅ ቁጥራቸውን ግን አልነካውም። መልሼ ከፍቼ ሳላይ አሮጌው ለቁራሌው ተሸጠ።

እኔ ዕቃ ሳስረክብ ማተሚያው ያትማል፣ ተሸካሚያችን ውቤ ደግሞ ካርዱን በሱቅ ቁጥር ያድላል። የጥያቄ ምልክቱ የዘመኑ ፋሽን መስሎኝ ነው አለኝ በኋላ። ጎረቤታችን ሐጂ ኑሪ ካርዳቸውን ይዘው ከች አሉ። «ለክቡር አቶ ????? ከነባለቤትዎ» ይላል። ባህረዲን፣ ስሜ ጠፍቶህ ነው ወይስ መምጣቴን ተጠራጥረህ ብለው ተቆጡ። ጋሼ ላብ በላብ ሆኑ። እስከ ዓርብ ስሞቹን ካላመጣሽ ቁልፉን አስረክቢ አሉኝ።

እሳቸው አይነግሩሽም ወይ ትዪኛለሽ። መርካቶ ሰው በስሙ ይጠራል እንዴ! የጅማውን ደንበኛ ጥርሶ ይሉታል፣ የደሴውን ቀጭኔ። ለክቡር አቶ ቀጭኔ ተብሎ ይጻፋል? ደህናው ስም ያለው አሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ከሥራዬ በላይ ጋሼን በሰው ፊት ማዋረዴ አንገበገበኝ።

ቁራሌውን ምን አለሽ ተራ ድረስ አሳድጄ ያዝኩት። ከራጉኤል ጀርባ ላለው ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሸጬዋለሁ አለ። ጠጋኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፉርቃን! ያ ባለፈው ስመጣ ስሙን አበዛሽው ያልሽኝ። (አባዬ፣ እዚህ ጋ መዝለል ይቻላል።) የገዛውን ኮምፒዩተር ውስጡ ያለውን ሁሉ ወዲያው አጥፍቶ ነው የሚያድሰው። ይሄኛውን ግን የኛ ሱቅ መሆኑን አውቆ አልነካውም። ለምን ብለው፣ አንቺ የጻፍሽው እንዴት ይጠፋል አለና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ የኛንም ፊደል በሚያውቀው በዩኒኮድ አብረን ገለበጥን። ሁለተኛ አልሸወድም፣ መጀመሪያ በአንድ ስም እንሞክር አልኩ። እሱ ጻፈ፣ ባክአፕ አደረግን፣ አዲሱ ላይ መልሰን ከፈትን። አንዲት ፊደል ሳትጎድል ወጣች፦ «አቶ ፉርቃን ከነባለቤታቸው»። ባለቤት አለህ እንዴ ብለው፣ ሙከራ ነው አለኝ። የቀሩትም ስሞች ተራ በተራ ከነሙሉ ፊደላቸው ሲመጡ በደስታ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሠርጉ የኔ መሰለው።

ዓርብ ሳይደርስ አዲሱ ካርድ ታደለ። ሐጂ ኑሪ ስማቸውን ጮክ ብለው አንብበው፣ ስቀው ታረቁ። እኔ ግን የሙከራውን ስም ሳላጠፋ ረስቼው እሱም ካርድ ሆኖ ታትሟል። ጋሼ አንስተው አነበቡና ባለቤቱ ማናት አሉኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ብዙ ሳቁ። ለአረፋ አገር ሲገቡ ከሐጂ ኑሪ ጋር ሆነው እናንተ ጋ ጎራ እንደሚሉ እንድጽፍላችሁ አዘውኛል።

አላህ ጤናችሁን ያብዛልኝ፣ ደጃችሁን እንግዳ አያሳጣው። አባዬ፣ ሲመጡ ደህናውን ጋቢህን ልበስ። ለወጉ ያህል አስብበታለሁ በላቸው እንጂ ደጋግመህ አታመላልሳቸው።

ችኩሏ ልጅሽ