አንድ ጭብጥ ሣር ስለ መንቀሌ

ይድረስ ለተከበሩ የመናፈሻና የነዋሪዎች እርካታ ኃላፊ፣
ሴቻ።

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነአማካሪዎችዎ፣ ከነማራገቢያዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሴቻ ቁልቁል፣ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ሙቀት እየተቀቀልን፣ በሪፖርትዎ መሠረት ግን ዘጠና ስድስት በመቶ ደስ ብሎን አለን። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሬ ደስተኛ መሆኔን ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ በማንበቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. መጠይቅ ይዛ የመጣችው ልጅ እጅግ ጨዋ ነበረች። ኑሮ እንዴት ነው ብላ ብትጠይቃት ጎረቤቴ ሻሺቱ «ተመስገን» አለቻት፤ ልጅቱም «በጣም ረክቻለሁ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ሻሺቱ አልጋ ከያዘች አራተኛ ወሯ ነው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ አገር ነፍሱ ልትወጣ የደረሰ ሰው እንኳ ሲጠይቁት ተመስገን ይላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደስታ እንዲለካ ሲሾም ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

2. የሰፈራችንን ዋርካ ቆርጠው በምትኩ የብረት አግዳሚ ወንበር ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የተቀመጠበት ሁሉ ብድግ ስለሚል፣ የሰፈሩ ሽማግሌ በሙሉ ቀልጣፋ ሆኗል። ያ ዋርካ ዱቡሻችን፣ የሽማግሌ ሸንጎአችን ነበር፤ የተጣላ ሰው የሚታረቀው ከሥሩ ተቀምጦ ነው። በእርስዎ ፕላን ላይ ግን «የሥራ ፈቶች መሰብሰቢያ» ተብሎ ሰፍሯል። ልክ ነዎት፤ ሰው ከማስታረቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረንም።

3. አሁን ወደ ወንጀሌ ልምጣ። የሻሺቱ ልጆች ጌታነህና ሀይሌ በኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ ማሳቸው የውኃ ተራ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው ሳትሞት ታርቀው ማየት ትፈልጋለች፤ ከዚህ ዓለም የቀራት ጉዳይ ይኸው ብቻ ነው። ስንት ለምነን፣ ስንት ደጅ ጠንተን፣ ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱንም ዋርካው ወደ ነበረበት፣ አሁን መናፈሻዎ ወደ ሆነው ቦታ አመጣናቸው። እኔም እንደ ጋሞ ሽማግሌ ወግ እርጥብ ሣር ይዤ «ታረቁ» ብዬ በመካከላቸው ልንበረከክ፣ ከመናፈሻዎ አንድ ጭብጥ ነቀልሁ። ጉልበቴ መሬት ከመንካቱ ጥበቃዎ ፊሽካውን ነፍቶ፣ «አባባ፣ አረንጓዴ ልማት እያወደሙ ነው» ብሎ ሣሩን ከእጄ ወሰደ፤ በማስረጃነትም በፌስታል ቋጠረው። እኛ ስንከራከር ሀይሌ ተነሥቶ በላይኛው በር ወጣ። ጌታነህም በታችኛው።

ሻሺቱ በየጧቱ «ታረቁ ወይ?» ትለኛለች። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው በውሸት ሳስቅ የኖርሁ ነኝና «ሊታረቁ ነው» እላታለሁ፤ ይህኛው ውሸት ግን አላሳቀኝም። ስለዚህ ለአንድ ጧት ብቻ ጥበቃዎን ከዚያ ቦታ እንዲያነሡልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የሴቻ ነፋስ አይለይዎ፤ ወንበርዎ እንደ እኛ ወንበር አይፋጅብዎ፤ የሚለኩት ደስታም አይጉደልብዎ።

በሰንጠረዥዎ ውስጥ የተደሰተው ሣር ነቃይ፣
ኤርጫፎ፣ ከሲቀላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሻሺቱ ፈቃድዎ ሳይደርስ ካለፈች፣ ልጆቿ በለቅሶው ድንኳን ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ፣ በመካከላቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገናል። የዕድሩ ሽማግሌዎች ተመካክረን ቦታውን ለክቡርነትዎ ይዘናል።