ለአንድ ፈረስ ሲባል ስለተቆረጠው የክሊፎርድ ጥሩምባ

ግሪምስዌል፣ ዮርክሺር
ኦክቶበር 20 ቀን 1966

ለክቡር ሚስተር ኦብሪ ፌንዊክ
የአካባቢያችን ቴሌቪዥን ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ኮረብታው ላይ ለቆመው ረጅም የአንቴና ማማዎ ጤና እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት ለማወቅ ቢፈልጉ፣ ከባለቤቴ ሳንባ በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ባለቤቴ ክሊፎርድ ሰግደን ሠላሳ አንድ ዓመት የድንጋይ ከሰል ቆፍሯል፤ ያንኑ ያህል ዘመንም በከሰል ጉድጓዱ ሠራተኞች ማርሽ ባንድ ውስጥ ኮርኔት የምትባለውን ትንሽ ጥሩምባ ነፍቷል። ባለፈው ኤፕሪል ሠራተኞችዎ ካሜራቸውን ይዘው መጥተው ባንዱን ሲቀርጹ፣ ክሊፎርድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻውን ተጫወተ። ከዚያ ወዲህ የከሰሉ አቧራ ደረቱን ስለዘጋው ጥሩምባው ቀርቶ ሻይ እፍ ብሎ ማብረድም አቅቶታል። ራሱን ሲጫወት አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። «የሚነፋ ሰው የሚሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው» ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ረቡዕ ኦክቶበር 12 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር እንደሚተላለፍ በጋዜጣ ባነበብን ጊዜ፣ ደስታችንን ለእርስዎ መግለጽ ይከብደኛል። የዚያን ዕለት ፕሮግራምዎን ከጧት ጀምሮ ስለተመለከትን፣ ቅሬታችንን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ክሊፎርድ ቴሌቪዥኑ ቀድሞ ይሙቅ ስላለ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ከፈትነው። የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ፕሮግራም ሳይጀመር የሚታየውን፣ ክብና መስመር የተሳለበትን የመሞከሪያ ሥዕል አንድ ሰዓት ሙሉ ተመለከተ። ስለዚህ ሥዕል ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ በዕለቱ ካሳያችሁን ሁሉ በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ያለቀ እሱ ብቻ ነበርና።

ሁለተኛ፤ ቀጥሎ ለተማሪዎች ስለ እንቁራሪት አስተዳደግ ትምህርት ተሰጠ። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ባዶ መስተዋት፣ ከባዶው መስተዋት በኋላ ስለ አሳማ መኖ የሚያወሩ ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ከእነሱ በኋላ ደግሞ የሚቀጥለው እስኪደርስ ተብሎ ሩብ ሰዓት ሙሉ የሚፈስ ወንዝ። እኔ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ የአንቴናውን ሽቦ እነካካለሁ። ክሊፎርድ ግን ወንዙን አተኩሮ እያየ፣ «ሂልዳ፣ ይሄ ውኃ ወዴት ነው እንዲህ የሚጣደፈው? እኔ ሳልታይ ባሕር እንዳይገባ» አለኝ።

ሦስተኛ፤ ይህ እንኳ በከፊል የእኔ ጥፋት ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ምስሉን ስላጠፋችብን የፊት ለፊቱን መጋረጃ ዘጋሁት። ክቡርነትዎ በሚኖሩበት ሰፈር መጋረጃ ምን እንደሚናገር አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር ግን በጠራራ ፀሐይ ከተዘጋ እዚያ ቤት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ያን ቀን ልቤ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለነበር ጨርሶ ረሳሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሜቪስ ኦልድሮይድ ጥቁር ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ለለቅሶ የሚወሰደውን የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ በፎጣ ጠቅልላ፣ እንባዋን እያበሰች በሩን ከፈተች።

«ግቢ ሜቪስ፣ ገና አልሞትኩም» አላት ክሊፎርድ ከወንበሩ። «ቴሌቪዥን ላይ እስክወጣ እየጠበቅሁ ነው።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! ልቤን አቆምከው እኮ! መንገዱን ሙሉ ስላንተ ጥሩ ጥሩውን ሳወራ ነው የመጣሁት።»

«እሱን እንኳ መልሰሽ መውሰድ ትችያለሽ። ሥጋውን ግን አስቀምጪው።»

ከእሷ ኋላ የመንገዱ ሰው በሙሉ መጣ። የባንዱ መሪ ሚስተር ሃሮልድ ባይወተርም ለቀብሩ የትኛው መዝሙር እንዲጫወቱለት ይመርጥ እንደነበር ሊጠይቀኝ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ መልሱንም ከራሱ ከክሊፎርድ አገኘ። አሥራ አራት ሰዎች ሳሎናችንንና ደረጃውን ሞልተው ሻይ በወተት እየጠጡ ሲስቁ፣ ክሊፎርድም አብሯቸው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ብዙ ወር እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። በገዛ ለቅሶው ላይ ለመገኘት ስላበቃችሁትም አመሰግናለሁ።

ከዚያ ፈረሱ መጣ። የእሽቅድምድሙ ፕሮግራም ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ነገር ግን አንድ ቡላ ፈረስ ከጓደኞቹ ጋር አልሰለፍም ብሎ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዞረ። ተናጋሪያችሁ በተከበረ ድምፅ «አሁን ይሰለፋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን» ይላል፤ ፈረሱ ቂጡን ለካሜራው ይሰጣል። ወይዘሮ ኦልድሮይድ «እሱን ትታችሁ ሩጡ እንጂ! ይለፍበት!» ብላ ብትጮህም አልሰሟትም። ባንዱ የተጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ ነው። አንድ ማርሽ ተጫወቱ። ቀጥሎ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ክሊፎርድ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወፍሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ እኔ የማውቀው ክሊፎርድ። ከንፈሩን በምላሱ አርሶ ጥሩምባዋን ወደ አፉ አስጠጋ። በዚያችው ቅጽበት ፈገግታ የማይለያት አስተዋዋቂያችሁ ብቅ ብላ ጊዜያችን ስላለቀ እናዝናለን አለች፤ የልጆች ፕሮግራም አሻንጉሊቶችም በሰዓታቸው ወጥተው ዘለሉ።

ክሊፎርድ ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ «ነፋሁ እንዴ?» አለ።

«አፍህ ላይ አድርገሃት ነበር» አለው ሚስተር ባይወተር።

«እሱን አየሁ። ከዚያስ?»

እኔ ተናደድኩ፤ ክቡር ሆይ፣ እንዳልዋሽዎ፣ ቴሌቪዥኑን በእርግጫ ልለው ተነሥቼ ወይዘሮ ኦልድሮይድ ናት ቀሚሴን ይዛ ያስቀረችኝ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ቀን አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

ይቅርታ አልለምንም። የምለምነው ክሊፎርድ የተቀረጸበት ቴፕ እንደገና እንዲታይ ነው፤ በፈለጋችሁት ቀን፣ በፈለጋችሁት ሰዓት፣ በወንዙ ፋንታ ለሁለት ደቂቃ ተኩል። ይህ ካልተመቸ ሚስተር ባይወተር በመኪናው ወደ ጣቢያችሁ ያመጣናል፤ ኮሪደር ላይ ብታሳዩት ይበቃናል፣ የምንቀመጥበትን ወንበር ራሳችን እናመጣለን። ቢፈጥን መልካም ነው፤ ሐኪሙ ክሊፎርድ ለገና ይደርስ እንደሆነ በጠየቅሁት ቁጥር ስለ አየሩ ማውራት ጀምሯልና።

ለአንድ ፈረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ለመቆም የሚበቃ ትዕግሥትዎን እያደነቅሁ፣ ከዚያ ላይ ሩቡን ለሰው እንዲያካፍሉ በትሕትና እጅ ነሥቼ የምለምን፣ የዘወትር ተመልካችዎ፣

ሂልዳ ሰግደን (ወይዘሮ)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ለጋዜጣው ልሰጥ ስወጣ የጸሐፊዎ መልስ በር ላይ ደረሰኝ። እጅግ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ቴፑ በጣቢያው የተለመደ አሠራር መሠረት በማግስቱ ተደምስሶ ሌላ ነገር ተቀርጾበታል ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሚስተር ሰግደን ወደፊት የሚተላለፉትን የሙዚቃ ፕሮግራሞች እንዲከታተሉ ይጋብዛል። ለክሊፎርድ ያነበብኩለት ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሱፉን ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሣም። የዚህ ሳምንት ጋዜጣ እጁ እንዳይገባ የመንገዳችን ሰው በሙሉ ቃል ገብቶልኛል። የቀረውን እኔ አልነግረውም፤ የደመሰሰው ሰው መጥቶ ይንገረው። ቻፕል መንገድ፣ ቁጥር 14። ቀኑን ሙሉ ቤት ነው።