ሥራው ነጋዴ ነው ብለው ጻፉብህ

የልጆቼ አባት ሽኩሬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው አረፋ አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። በዘንድሮው ወንድምህ ከመስቃን ገጠር መጥቶ አረደልን፤ ልጆቹ በሉ፣ እኔም ከሰው ጋር ተቀምጬ ዋልኩ። ይህን የምጽፍልህ አንተ ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው። መስመር አይጠብቅልኝም፤ አንተ ግን የእኔን ጽሑፍ ማንበብ ታውቅበት ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከጓሮው እንሰት ሁለቱ ደርሰው ከጎረቤቶቼ ጋር ፋቅናቸው። ልጅህ ራህመት አዲስ አበባ አጎቷ ቤት ሆና ትማራለች። ባለፈው ስትመጣ በቋንቋችን ሳናግራት በአማርኛ ትመልስልኝ ጀመር። ምነው ብላት፣ ክፍል ውስጥ አነጋገሯን እያስመሰሉ እንደሚስቁባትና ምላሷን እያረመች መሆኑን ነገረችኝ። ልቆጣት ፈለግኩና ተውኩት። እኔ ማን ሆኜ እቆጣታለሁ?

ትዝ ይልሃል አይደል፣ ክሊኒኩ ውስጥ ለዓመታት ያጋጥምህ የነበረው? አዲስ ሹም ወደ ቡታጅራ በተዛወረ ቁጥር ሚስቱ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። በር ላይ ስታገኝህ ሻንጣዋን ታሸክምህና ድሬሰሩን ጥራልኝ ትልሃለች። አንተ ሻንጣውን አግዳሚው ላይ ታስቀምጣለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ነጭ ጋዋንህን ለብሰህ ተመልሰህ ልጁን ምን እንዳመመው ትጠይቃታለህ። ቤት ገብተህ ፊቷ እንዴት እንደተለዋወጠ ስታሳየኝ በሳቅ እንሞት ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

የክሊኒኩ አለቃ ሲዛወር ቦታው የአንተ ነው ያላለ ሰው አልነበረም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ ቀቅለሃል፣ ቁስል አጥበሃል፣ በዝናብ በበቅሎ ገጠር ድረስ ሄደህ አክመሃል። ሌላ ሰው ላኩ። የመጣው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ሻይ እየጠጣችሁ ሳለ፣ እናንተ ጉራጌዎች እኮ ብልሆች ናችሁ፣ ሱቅ ብትከፍት ይሄኔ ሀብታም ነበርክ አለህ። ማሞገሱ ነበር። የዚያን ቀን እህል አልቀመስክም። ቆይተህ በቋንቋችን ጠየቅከኝ፦

«ዘይነባ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አማርኛዬ ያስቃል?»

እኔም ሳቅኩ። ሽኩሬ፣ ቀልድ መስሎኝ ነው። «ትንሽ» አልኩህ። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ሳትተነፍስ እንደምትወጣ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ አንተ ለእኔም አልነገርከኝም።

ከዚያ ታመምክ። ምን እንደሆነ ያወቅከው ራስህ ነህ፤ የሳንባ ምች ነው አልከኝ። ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ተማሪ ሳለህ ተወግተህ ፊትህ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ለጥቂት ነው የተረፍከው። አዲስ አበባ የሄድነው ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ነበር። አለቃህ ፈቃድ ላይ ስለነበር ደብዳቤ የሚጽፍልህ አልተገኘም። ራሴ እነግራቸዋለሁ አልክ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ጋቢህንና የያዝኩትን ዘንቢል አየና ዕቃ የሚገባው በጓሮ በር ነው አለን። ዞረን ገባን። ካርድ የሚጽፈው ሰው ስምህንና አገርህን ጠይቆ የቀረውን ሳይጠይቅ ሞላው። ነርሷ ደግ ልጅ ነበረች፤ ትራስህን አስተካከለችልህ። ፔኒሲሊን አይስማማኝም አልካት። ቃሉን በእኛ አነጋገር ስትለው ፈገግ አለች።

«የመድኃኒት ስም ያውቃሉ እንዴ ጋሼ? አይዞዎት፣ ሐኪሙ ያውቃል።»

ስትሄድ እጅህን ይዤ ለመንኩህ። ድሬሰር መሆንህን ንገራቸው፣ ደግመህ ንገራቸው አልኩህ።

«አንዴ ተናግሬያለሁ» አልከኝና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ።

መርፌውን ይዘው ሲመጡ ትኩሳቱ ጥሎህ ነበር፤ ዓይንህን አልገለጥክም። እኔ ግን ነቅቼ ቆሜ ነበር። ምንድን ነው የምትወጉት ማለት እችል ነበር። የእኔ አማርኛ ከአንተም የባሰ ነው፤ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ወጉህ፤ የአሱር ሶላት ሳይደርስ ሄድክ።

በሽታው ነው የገደለው አሉኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙ አንተ ነበርክ። አሁን ሰው መሀል ስቀመጥ ያ ዝምታዬ ይመጣብኛል። ወንድምህ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ተይው ይለኛል። ቀደር መሆኑን አምናለሁ። ግን አልተወኝም።

የሰጡኝን የሞት ወረቀት አፈር ካለበስንህ በኋላ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ስምህ አለ፤ ቡታጅራ ይላል፤ ሥራ ከሚለው ፊት ለፊት «ነጋዴ» ይላል። በዓመቱ ይዤው ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። የምናገረውን አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስለማመድ ነው የሄድኩት። ባለቤቴ ነጋዴ አልነበረም፣ ድሬሰር ነበር አልኩት ጸሐፊውን። አልሳቀብኝም። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«እናቴ፣ ለሞተ ሰው ምን ለውጥ ያመጣል?» አለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩ። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው መውጣቴን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

አላህ ይዘንልህ፣ ሽኩሬ። አልረሳህም። እኔ እስካለሁ ድረስ፣ በየትም አነጋገር ይሁን፣ ሽኩር ድሬሰር ነበር የሚል አንድ አፍ አለ። ከእኔ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ዘይነባ