አባባን የሚያማው ማን ነው

ሞላሌ፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ አፈወርቅ፣ አዲስ አበባ ካለህበት ደጅ ሰላምታዬ ይግባልኝ። እኛ በቸርነቱ አለን፤ ገብሱም በጎቹም ደኅና ናቸው።

አባባ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ ጭው ይልባቸዋል። ሌሊቱን ሲገላበጡ ያነጉና ቀን ዜማ ሊያስተምሩን ሲቀመጡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ። ሲነቁ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አርጩሜው ደግሞ እኛ ላይ ያርፋል።

ደብረ ብርሃን ሄደው ሐኪም ይያቸው ብል የሚሰማኝ የለም። ጎረቤታችን አያ አባይነህ፣ "ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማህ ነው። ለሐሜት መርፌ የሚወጋ ሐኪም የት አለ?" አሉኝ።

"አራት ወር ሙሉ ሲያሟቸው የሞላሌን ገብስ ማን አጨደው?" ብላቸው በጭራቸው አባረሩኝ። እማማም በየማታው የሞቀ ቅቤ ጆሯቸው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። እስካሁን የወዛው ትራሳቸው ብቻ ነው።

ትናንት ላናድዳቸው ብዬ የግዕዙን ዜማ ሆን ብዬ ከዕዝሉ ደባልቄ አዜምሁ። አንተ ጓሮ ሆነህ ስትሳሳት እንኳ ከቤት ውስጥ ያርሙህ አልነበር? እሳቸው ግን አፌን አፌን እያዩ "መልካም ነው፣ ቀጥል" አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱን በጥፊ መታሁት።

ፋሲካን ሳትጠብቅ ና። ስትደርስም ከኋላቸው አትጥራቸው፤ ፊት ለፊት ቆመህ ሰላም በላቸው። እማማ ጉንጭህን ስማሃለች። በጤና ያገናኘን።

ታናሽህ መኳንንት