ዝምተኛዋ ደዋይ

የካቲት 4

ዛሬም ደወለች። እንደ ወትሮው በተማሪዎች የእረፍት ሰዓት፣ በቤቱ ስልክ። «ሃሎ» ስል ዝም። ትንፋሽ ብቻ... «የኔ እመቤት፣ ዛሬም አፈርሽ?» አልኳት። ዘጋችው። ባልቴት ሳትሆን አትቀርም። ድምፄን ብቻ ሰምታ የምትጠግብ ሴት በዚህ ዕድሜዬ ከየት መጣችልኝ?

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ አልፈታ አለ። የኮማንደሯ ነገር ነው። ኮማንደር ያልኳት የልጅ ልጄን ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፣ የልብ ኪኒኔን ጠዋት ጠዋት በትእዛዝ የምታስውጠኝ።

«ዛሬም ባዶ ወረቀት አስረከበች፣ አባዬ!»

«ንጹሕ ወረቀት በዪው እንጂ።»

አልሳቀችም። መምህሩ «ሐሳቧ ክፍል ውስጥ የለም፤ እንዲህ ከቀጠለች ትደግማለች» ብሏል። ሳይኮሎጂስት እንዲያያት መክሯል። ባለጉዳይዋን ጠየቅናት። «ረሳሁት» አለች፣ ሳህን እያጠበች። አምና የደበቅኩትን ከረሜላ ዛሬም የምታስታውሰኝ ልጅ!

የካቲት 9

ሳይኮሎጂስቷ ወጣት ናት። ጠረጴዛዋን ትታ መጥታ ከኛ ጋር ተቀመጠች። «ብቻዬን መርምሬ አልፈርድም። እያንዳንዳችሁ ማወቅ የምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ስጡኝ፤ መልሱን አብረን እንፈልጋለን» አለች። ልጄ «ለምን ባዶ ትመልሳለች?» አለች። እኔ «ይህ ቁንጅና ከማን እንደወረደ ይጣራልኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ቁምነገር ብላ ጻፈችው!

ኮማንደሯ ጫማዋን እያየች «ጥያቄ የለኝም» አለች።

«ሲመጣልሽ ትነግሪኛለሽ።» በቃ። ቁጣ የለ፣ ልመና የለ። እኔ ብሆን...

የካቲት 12

ስልኩ ጮኸ። ትንፋሽ። «የሚፈልጉት ሰውዬ ሞቷል። ነገ ይደውሉ፣ ምናልባት ይሻለው ይሆናል» ብዬ ዘጋሁ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተበረገደ። ኮማንደሯ። ላብ በላብ፣ ቦርሳም አልያዘችም። ዳቦ እያኘክሁ ነበር። አየችኝ... አየችኝ... «ጫማህን ለምን መተላለፊያ ላይ ትጥላለህ?!» ብላ ጮኸችብኝና ክፍሏ ገባች። ከእረፍት በኋላ ፈተና ነበራት፤ ጥላው መጥታለች። ለጫማዬ?

የካቲት 16

የምርመራው ቀን። እነሱ ውስጥ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ። ተቀምጬ እህህ እያልኩ ሳልኩ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።

ሳይኮሎጂስቷ ብቅ አለች። «አባት፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሁሉንም አሳምራ ሠራችው። ‹ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ተለየብሽ?› ብላት፣ ‹እዚህ የአባባ ሳል ይሰማኛል› አለችኝ። እውነት መሆኑን ልንሞክር ተስማምተናል። እስቲ ግቢውን ዞር ዞር ይበሉ።»

በሳሌ ተፈልጌ አላውቅም ነበር። ወጥቼ ከጥበቃው ጋር ስለ ጉልበት ሕመም አወራሁ። ስመለስ እኔ በሌለሁበት የተሰጣት የሁለተኛው ወረቀት ግማሹ ባዶ ነው። ልጄ ዓይኗ ቀልቷል።

«አሁን ጥያቄዋ መጥቷል» አለች ሳይኮሎጂስቷ።

ኮማንደሯ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ልትሞት ነው?»

«ማን አለሽ?»

«አንተ ነሃ! በየቀኑ! ‹ስሞት ሬዲዮዬን ውሰጂ›፣ ‹ይሄ የመጨረሻ ሸሚዜ ነው›... በስልክም ‹ሞቷል› አልከኝ!»

በስልክ...? ለካ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ስልክ እየለመነች ነው የምትደውለው። ድምፄን ሰምታ ትዘጋለች። ከተናገረች እቀልድባታለሁ፤ ስለዚህ ዝም። ከዚያ እስከ መውጫ ሰዓት ‹አሁንስ አለ?› እያለች ትቀመጣለች።

ደህና ሁኚ፣ ባልቴቴ።

«ይህን እርስዎ ይመልሱላት» አለችኝ ሳይኮሎጂስቷ። አፌን ከፈትኩ። ቀልድ ጠፋ። «አላውቅም» አልኩ። «ሐኪሙን አብረን እንጠይቀው።»

የካቲት 21

«ያለ ቀልድ ይንገሩን» አለችው ኮማንደሯ። ሐኪሙ በሕይወቱ ቀልዶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ደነገጠ። ልቤ ደክሟል። ኪኒኑን ከዋጥኩ ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር አላየም። አርጅቻለሁ፤ ለእሱ መድኃኒት የለውም።

«እሺ» አለች። እንዲያው እሺ! እኔ ነኝ መቀመጥ ያማረኝ።

ከዚያ ሳይኮሎጂስቷ ጋ ስምምነት ተደረገ። በእረፍት መደወል ትችላለች፤ ግን ትናገራለች። እኔ በሞቴ አልቀልድም። «በሰው ሞትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ኮማንደሯ ከለከለች። መምህሩም ያገኘነውን ሁሉ ሰምቶ፣ ያመለጣትን ፈተና እንደገና ሊሰጣት ተስማማ። የቁንጅናው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

የካቲት 26

ደወለች። «አባባ፣ አለህ?» «አለሁ።» «ኪኒኑስ?» «ዋጥኩ።» ዘጋች። ባልቴቷ ትሻለኝ ነበር።

መጋቢት 17

የድጋሚ ፈተናዋ ቀን፤ ከእረፍት በፊት ነው የምትፈተነው። በእረፍት ስልኩ አልጮኸም። ወንበሬን አስጠጋሁ። እጀታውን አንስቼ አዳመጥኩ፤ መስመሩ ይሠራል። እረፍቱ አለቀ... ምንም።

ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ቦርሳዋን ወርውራ፣ ዳቦ ጎርሳ።

«ለምን አልደወልሽም?»

«ውይ! ረሳሁት እኮ! ስለ ጥያቄዎቹ ከጓደኞቼ ጋር ስናወራ... ሁሉንም ሠራሁት፣ አባባ! አንድም ባዶ የለም!»

ረሳችኝ። ‹ቀብሬንም እንዲሁ...› የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ከኪኒኑ ይመርራል።

«ጫማህ ደግሞ መተላለፊያ ላይ ነው» አለችኝ።

አነሳሁት።