የጥልቁ ባሕር ዓሣዎች ሥዕል

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት መርከብ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ከምሠራበት መጽሐፍ ማደሻ፣ ጥንት በእጅ የተሣሉ የጥልቅ ባሕር ዓሣዎች ያሉበት መጽሐፍ ለጥገና ወደ ቤት አምጥቼ ነበር። አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ «ይሄኛውስ ስንት ሜትር ላይ ነው የሚኖረው?» እያለ በየገጹ ይጠይቀኛል። እማዬ ግን ባለትልልቅ ጥርሱን ዓሣ ስታይ ገጹን ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

«ምን ነካሽ?» ስላት፣ «እንዲህ ያለ አውሬ የለም በይኝ» አለች።

የለም አልኳት። አለቃዬንም፣ ገጹ ድሮም አልነበረም ብዬ ዋሸሁት።

ይሄ መልስ ሳላገኝ የጻፍኩልህ አምስተኛው ደብዳቤዬ ነው። አንድ መስመር ብትጽፍልን ይበቃናል።

ትናንት የመርከብ ድርጅቱ ሰው ፖስታ ይዞ መጥቶ ነበር። እማዬ በሩን ሳትከፍት፣ «ቤት ተሳስተሃል» ብላ መለሰችው።

አባዬም እማዬም አገላብጠው ስመውሃል።

ናፋቂህ እህትህ